ማሞቂያውን ሰላም ማለት

ማል ካላችሁኝ እምላለሁ፣ ምስክር ጥራ ካላችሁኝ እጠራለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴን የኦዳ ሰፈር ፍየል ከካርቶን ጋር ቀላቅላ ትብላው። ሰዎች የእኔን ወሬ ሲሰሙ ግማሹን ይቀንሱና የቀረውን ደግሞ ለሁለት ያካፍሉታል። ትምህርት ቤትን ብዙ ሳላስቸግር ስለወጣሁ በማካፈል አልከራከራቸውም። ይሄኛውን ግን ሳትቀንሱ ተቀበሉ። ባለታሪኮቹ ሞያሌ ውስጥ በሕይወት አሉ፤ አንዷ እንዲያውም ሆቴል አላት፣ ሻይ እየጠጣችሁ ልትጠይቋት ትችላላችሁ።

ባለሆቴሏ አሰገደች ናት። ታሪኩ ግን የልጇ የመቅዲ ነው።

መቅዲ ናይሮቢ ተቀምጣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ተማረች፤ ከዚያ ለልምምድ ብላ እዚሁ በኬንያ በኩል ባለው በሞያሌያችን ወደሚገኝ ሆስፒታል ተመለሰች። ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራዋን "ባዮሜድ" ይሉታል። አሰገደች ግን ይሄ ቃል አጠረባትና "የማሽን ሐኪም" አለችው። ከኢሲዮሎ የመጣ ሹፌር ጉሮሮው ደርቆ ሻይ ሲያዝ፣ ሻዩ ከመቅረቡ በፊት ንግግሩ ይቀርብለታል።

"ሐኪም ሰውን ያክማል፣ አይደል?"

"ያክማል፣ ማማ።"

"ሐኪሙ የሚያክምበት ማሽን ሲታመምስ ማን ያክመዋል?"

ሹፌሩ መልሱን ቢያውቅም ባያውቅም ልዩነት የለውም። "የእኔ ልጅ!" ትላለች፤ ሻዩም የሚቀዳው ከዚህ በኋላ ነው።

መቅዲ ይሄን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች። ናይሮቢ የተማረችው በትልልቅና በንጹሕ ማሽኖች ነበር። እዚህ የገጠማት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለ ባለቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ቀን ቀን ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይወጣበታል። የክፍሉ ጌታ አብዱብ የሚባል ሽማግሌ ቦረና ነው። አብዱብ በወጣትነቱ የአንዲት ግመል የደም ግፊት ለክቶ "ጨው ቀንሺ" ብሎ መክሯታል፤ ግመሏም እስክትሞት ሳታናግረው ቀርታለች። ይሄን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ስለዚህ እውነት ነው።

የመጀመሪያ ቀን አንድ የተበላሸ የአክታ መሳቢያ መጣ። መቅዲ ካቻቢቴዋን መዝዛ ልትፈታው ስትል አብዱብ ከእጇ ወሰደባት።

"አንቺ፣ ዳበል መንደር ሄደሽ ሰው ቤት ስትገቢ፣ ሰላም ሳትይ ድስት ትከፍቻለሽ?"

"ኧረ አልከፍትም።"

"ታዲያ የዚህን ምስኪን ሆድ በምን ሂሳብ ትከፍቻለሽ? እንዴት ዋልክ አልሽው?"

ቦረና ሲገናኝ ሰላምታው የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሰላም? ከብት ሰላም? ግጦሹ ሰላም? ውሃውስ? ዝናቡስ? እያለ ይሄዳል፤ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ቢሆን ወሬው የሚነገረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። አብዱብ ይሄንኑ ወደ ማሽን አምጥቶታል። ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጥና፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ይጀምራል።

"ሶኬቱ ሰላም? ገመዱ ሰላም? ፊውዙ ሰላም? ማራገቢያው ሰላም? ከማን ጋር ዋልክ? ማን ነካህ? ዝናቡስ?"

"ጋሽ አብዱብ፣ ማሽን ዝናብ ምን ያደርግለታል?"

"ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው። ዝናብን ሳልጠይቅ ሰላምታዬ አያልቅልኝም።"

መቅዲ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ስለ ሶኬትና ስለ ፊውዝ ያለው ደህና ነው፣ ናይሮቢም ያስተማሯት ይሄንኑ ነው። "ከማን ጋር ዋልክ" የሚለውን ግን የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብላ ተወችው። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ይቺን ከመተዋ ነው።

እዚያው ክፍል ጥግ ላይ አንድ የሕፃን ማሞቂያ ቆሞ ነበር። ከታች ትንሽዬ አልጋ፣ ከላይ የሚያሞቅ ዘንግ፣ ከጎኑ ደግሞ ጫፏ ላይ የሙቀት መለኪያ ያላት ቀጭን ሽቦ አለችው። ሽቦዋን በፕላስተር ሕፃኑ ሆድ ላይ ይለጥፏታል። ልጁ ሲበርደው ለማሽኑ ትነግረዋለች፣ ማሽኑ ሙቀት ይጨምራል፤ ሲሞቀው ትነግረዋለች፣ ይቀንሳል። ይሄ ማሞቂያ ከሞተ ቆይቶ ካርቶን መደርደሪያ ሆኗል። መቅዲ ካርቶኑን አወረደች፣ ውስጡን ከፈተች፣ አይጥ የበላችውን ሽቦ አግኝታ በየደችው። ከዚያ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አስተኛችው። ማሽኑ ውሃውን እንደ እናት አሞቀው። አንዴም አልጮኸም።

"መጀመሪያ ያዳንሽው ነው፤ አትረሺውም" አላት አብዱብ።

የዚያን ሳምንት የወንድሟ የባምላክ ሚስት ቱሜ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ወንድ። መጠኑ ከፓፓያ አይበልጥም፤ ቁጣው ግን የቀረጥ ሹም ያክላል። ቱሜ በኦፕራሲዮን ስለወለደችና ትኩሳት ስለያዛት ልጁን ደረቷ ላይ ብዙ ማቆየት አልቻለችም። እንግዲህ የመቅዲ ማሞቂያ የመጀመሪያ እንግዳው የገዛ ወንድሟ ልጅ ሆነ።

አሰገደች ያን ቀን ሆቴሏን ለሰው ጥላ መጣች። ሕፃናቱ ክፍል የሚገቡት እናቶች ብቻ ናቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ነጂባ በዚህ ቀልድ አታውቅም። አሰገደች ግን በሩ ላይ ደረቷን ነፋ አድርጋ፣

"የባዮሜዷ እናት ነኝ" አለች።

ሲስተር ነጂባ ወደ መቅዲ አየች። መቅዲ እናቷን ከበር መመለስ አቅቷት የራሷን ጋዋን አለበሰቻት። አሰገደች ማሞቂያው ፊት ቆማ አገጯን ያዘች። አየችው፣ ዞረችው፣ እንደ ታቦት ተሳለመችው።

"ይሄን አንቺ ሠራሽው?"

"ጠገንኩት እንጂ አልሠራሁትም፣ እማዬ።"

"ያው ነው። የሞተ ማስነሳት ከመሥራት ይበልጣል።"

አሰገደች ከወጣች ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ ጮኸ።

ጩኸቱን በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። ድንበሩ ላይ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ተራው የደረሰ መስሎት ሞተሩን አስነሳ፤ ሹፌሩ መኪናው ውስጥ አልነበረም። ነርሶቹ ሮጡ። ማሽኑ "ልጁ በረደው! ልጁ በረደው!" እያለ ነው፤ ልጁ ግን ቀልቷል። ሽቦዋ ከሆዱ ተንሸራታ አንሶላው ላይ ተጋድማለች። ላብ መስሏቸው ጠራርገው መልሰው ለጠፏት፤ ዝም አለ። በማግስቱም ጮኸ። ሦስተኛውም ቀን።

መቅዲ እየደጋገመች ወደ ክፍሏ ወሰደችው። ሽቦዋን በአዲስ ለወጠች፣ ፕላስተሩን ለወጠች፣ ብየዳዋን መርምራ እንደገና በየደች። ውሃውን ስታስተኛበት እንደ በግ ዝም ይላል፤ ልጁን ሲያስተኙበት ያገሳል። ወሬው እንደሆነ ከተማውን አዳርሶ ነበር። አንዱ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ፣

"ማሽኑ ከውጭ አገር የመጣ ነው አሉ፤ የልጁን መታወቂያ ጠይቆ ነው የሚጮኸው" ብሎ አስወራ።

"አባቱ የዋልዳ ስደተኞች ካምፕ ልጅ፣ እናቱ የዳበል ቦረና! ማሽኑ በየት ይመዝግበው?" አለ ሌላው።

ይሄን ወሬ ማን እንደጀመረው ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

መቅዲ ግን አልሳቀችም። እንጀራዋን ገፋችው፤ እናቷ ለሹፌሮች "ልጄ ያዳነችው ማሽን" ስትል በጓዳ በር ወጣች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ነጂባ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

"መቅዲ፣ እኔ አንቺን እወድሻለሁ።"

"አውቃለሁ፣ ሲስተር።"

"እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ ክፉ ነገር እንደሚናገርም ታውቂያለሽ። ይሄ ማሽን ዛሬ አንዴ ከጮኸ ልጁን ማርሳቢት ሆስፒታል እልከዋለሁ። ለአምቡላንሱ ነግሬያለሁ።"

"መንገዱ እኮ…"

"መንገዱ አስፋልት ነው።"

"ለሱ የሚሆን አስፋልት የለም፣ ሲስተር። ገና ፓፓያ ነው!"

"እኔም የምፈራው እሱን ነው" አለች ነጂባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ግን በሚጮህ ማሽን ላይ አላሳድረውም።"

መቅዲ እየሮጠች አብዱብ ጋ ሄደች። አብዱብ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የደም ግፊት መለኪያ ያነጋግራል።

"ጋሽ አብዱብ፣ ሁሉንም ፈትሼዋለሁ። ሶኬቱ ሰላም ነው። ገመዱ ሰላም ነው። ፊውዙ፣ ማሞቂያው፣ ሽቦዋ፣ ሁሉም ሰላም!"

"ከማን ጋር ዋለ?"

"እንዴ! ማሽን ነው እኮ!"

"ከማን ጋር ዋለ ነው ያልኩሽ። እዚህ ከውሃ ጋር ሲውል አይጮኽም። እዚያ ከሰው ጋር ሲውል ይጮኻል። ታዲያ ጥያቄው ስለ ማሽኑ ነው ወይስ ስለ ሰዉ?"

"አንተ ታውቃለህ ማለት ነው?"

"እኔ ምኑን አውቄ! እኔ ሰላምታ ብቻ ነው የማውቀው። ሂጂ፣ ጨርሺው።"

መቅዲ ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጣ ነው የሄደችው። ማሞቂያው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ እንደ ሽማግሌው እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ነርሶቹ ተጠቃቀሱ። "ከማን ጋር ዋልክ?" አለችው በሹክሹክታ። ፓፓያው አዛጋ። ማሽኑ ዝም። ፀሐይ መስኮቱን አለፈች፤ ማሽኑ አሁንም ዝም። በመጨረሻ የሶኬቱን ገመድ እንደገና ልታይ ብላ ከማሞቂያው በስተጀርባ፣ ከአልጋው በታች፣ በደረቷ ገባች።

እዚያ ተጋድማ ሳለ በሩ ተከፈተ። ጫማ አየች። የእናቷ ነጠላ ጫማ ነው፤ በየትም አገር ብታየው አትስተውም፣ አንደኛው ማሰሪያ በሽቦ የተጠገነው በእሷው እጅ ነው። ልትጠራት አፏን ስትከፍት አሰገደች ልጁን ማጫወት ጀመረች።

"የኔ ጌታ! የኔ ሙሽራ! አክስትህ ታሞቅሃለች አይደል? እንደሷ ያለ የለም። ናይሮቢ ድረስ ሄዳ የተማረችው ላንተ ብላ ነው። እኔ ግን ለጥንቃቄ ያህል…"

የቆርቆሮ ክዳን ቷ ብሎ ተከፈተ።

መቅዲ ከአልጋው በታች ሆና ሽታው አፍንጫዋ ደረሰ። ቅቤ! ለጋ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል፣ የዳበል ቅቤ።

"ይሄ የዚያኛዋ አያትህ ነው" አለች አሰገደች እየቀባች። "ራስህን። እንዲህ። ሆድህንም። እንዲህ። አደራ ነው፣ የኔ ጌታ። አደራ ደግሞ…"

ማሽኑ ጮኸ።

አሰገደች ቆርቆሮዋን ብብቷ ከተተች። በዚያው ቅጽበት መቅዲ ከአልጋው በታች ብቅ አለች፤ እናትየዋ "በስመ አብ!" ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"እኔ? ምንም!"

"ብብትሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ብብቴ ውስጥማ ብብቴ ነው ያለው!"

መቅዲ የምትከራከርበት ጊዜ አልነበራትም። ሙቀቱን ዝቅ አደረገች፣ የልጁን ሆድ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች፣ ሽቦዋን ለጠፈች። ጩኸቱ ቆመ። ከኮሪደሩ የሲስተር ነጂባ ጫማ እየቀረበ ነው። መቅዲ እናቷን ክንዷን ይዛ፣ በሹክሹክታ፣ ቶሎ ቶሎ ተናገረች።

"ቅቤው ላይ ፕላስተር አይይዝም፣ እማዬ። ሽቦዋ ትንሸራተታለች። ስትንሸራተት ማሽኑ ልጁ በረደው ብሎ ሙቀት ይጨምራል። ልጁ ግን አልበረደውም። ይጨምራል፣ ይጨምራል… ገባሽ? ያ ሁሉ ጩኸት ባይኖር ኖሮ ይቃጠል ነበር።"

የአሰገደች ፊት ባንዴ አረጀ። ልጁን አየችው። እጇን አየችው፤ ጣቶቿ ያብረቀርቃሉ።

"ባምላክ ዋልዳ ሲወለድ እንደዚህ ነበር" አለች። "በድንኳን። ነፋሱን ታውቂው የለ፣ አሸዋ ያዘንባል። ማሽን የለ፣ ሐኪም የለ። አንዲት ቦረና ቅቤ አመጣችልኝ። ቀብቼ ደረቴ ላይ አስሬው ዋልኩ፣ አደርኩ። ይኸው ዛሬ አባት ሆነ።" ነጠላዋን ሳበች። "የቱሜ እናት ከብቱን ጥላ መምጣት አልቻለችም። በዚህ ድርቅ ላም የምትሰጠውን ጠብታ አጠራቅማ ንጣ በወተት መኪና ላከችው። 'እኔ ባልመጣ ቅቤዬ ይምጣ' አለች። እንዴት አልቀባውም?"

"እኔን አላመንሽኝም ማለት ነው?"

"ኧረ አምኜሻለሁ! ማሽኑን አምነዋለሁ፣ ልጄ። ቅቤውን ግን አውቀዋለሁ።"

መቅዲ ይሄን ስትሰማ የቁጣዋ ፊውዝ ተቃጠለና ቁጣው እንደ መብራት ጠፋ።

ሲስተር ነጂባ ገባች። ልጁን አየች፤ ማሽኑን አየች፤ አሰገደችን አየች፤ አሸተተች። ነጂባም የሞያሌ ልጅ ናት።

"ጮኸ" አለች።

"ጮኸ" አለች መቅዲ። "ብልሽቱን ግን አገኘሁት።"

"ምንድን ነው?"

መቅዲ ወደ እናቷ አላየችም። "ፍቅር ነው፣ ሲስተር። በቆርቆሮ የመጣ። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ስጪኝ፤ ከአጠገቡ አልነሳም። ቅባት አይነካውም። አንዴ ከጮኸ አምቡላንሱን ራሴ እጠራለሁ።"

ነጂባ የልጁን ሆድ ነካ አድርጋ አየች። ከዚያ ወደ አሰገደች ዞረች።

"ማማ መቅዲ፣ እኔም እናት አለችኝ" አለች። "የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እዚሁ ክፍል በር ላይ ፈትሼ ሦስት ቆርቆሮ ቀምቻታለሁ። እስከ ነገ ጠዋት!" ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ምንም አለመሆኑ ነው። መቅዲ በርጩማዋ ላይ፣ አሰገደች ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ። አሰገደች አልገባም አለች፤ "እጄን አላምነውም፣ ሄዶ ይቀባል" ብላ እጆቿን ከታፋዋ በታች ቀብራ ተቀመጠች። ማሽኑ ዝም እንዳለ ነጋ። የልጁ ሙቀት እንደ ጥሩ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ሲስተር ነጂባ አየችው፣ ለአምቡላንሱ ሹፌር ደውላ "ተወው" አለችው። የቱሜ ትኩሳትም በርዶ ስለነበር በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ ልጁን ተጠንቅቃ ደረቷ ላይ አስተኛችው።

መቅዲ ወደ ውጭ ወጣች። እናቷ አግዳሚው ላይ እንዳለች ናት።

"እማዬ፣ ቆርቆሮዋን አምጪያት።"

"ልትጥያት ነው?"

"አምጪያት።"

አሰገደች ሳትወድ አወጣች። መቅዲ ክዳኑን ከፍታ በሁለት ጣቷ ዛቀችና የእናቷን ሻሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ራሷ ላይ ትቀባት ጀመር። አናቷን፣ ጆሮ ግንዷን፣ ማጅራቷን።

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ? ሰው ያያል!"

"አደራ አይደል? አያትየዋ የላከችው ለቤተሰብ ነው። ልጁ ሲያድግ ይደርሰዋል። አሁን ያልተኛሽው አንቺ ነሽ።"

በዚህ መሃል ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ከበሮ ተመታ። ነርሶች ወጡ፣ በሽተኞች ወጡ፣ ዘበኛው ባርኔጣውን ገልብጦ ውሃ ያዘበት። አሰገደች ከአግዳሚው አልተነሳችም፤ ዝናቡ ፊቷን አጥቦ እስከ አገጯ ይወርዳል። አብዱብ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ እያዘገመ መጣ።

"ሰው ሰላም?" አላት መቅዲን።

"ሰላም።"

"ማሽኑ ሰላም?"

"ሰላም።"

"ከማን ጋር ዋለ?"

"ከእናቴ ጋር።"

አብዱብ ጥርሱን አሳየ። "እሱን ነው የምልሽ" አለና ትንሽ ቆይቶ ጠየቀ። "ዝናቡስ?"

መቅዲ በመስኮቱ ቱሜ ደረት ላይ የተኛውን ፓፓያ አሳየችው። ልጁን ሮባ ያሉት እንዲህ ነው፤ ሮባ በቦረና ዝናብ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት አብዱብ ነው፣ ቅቤው የመጣው ከዳበል ነው፣ ማሞቂያው ዛሬም አለ። የአሰገደች ሆቴልም አለ፤ አሁን ሹፌሮች ከሻይ በፊት የሚሰሙት ንግግር ስለ ቅቤውም ስለተጨመረበት ረዝሟል።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ ግመሏም፣ መኪናውም። አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ያን ቀን አልዘነበም። ያን ዓመት በሙሉ ጠብ አላለም፤ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ነበር። በዚያ ሰማይ ስር ልጅን ዝናብ ብሎ መሰየም ከእኔ ውሸት ሁሉ ይበልጣል፣ ግን ደፍረው ሰየሙት። ዝናቡን ያመጣሁት ለአሰገደች ብዬ ነው። ልጇ ራሷን ስትቀባት ፊቷ ረጥቦ ነበር። እሷ "ቅቤው ነው፣ ፀሐይ አቅልጦት ነው" ትላለች። ስትጠይቋት እኔ ነገርኳችሁ እንዳትሉ።